እማማ ስንቅነሽን አበባ ለማሳየት የተመረጠው ኮሚቴ

አንድ በደንቡ የሚታወቅ ዕድር ነበር። አባላቱ ከሦስት መቶ ይበልጣሉ። ድንኳኑ ቀዳዳ የለውም፤ ወንበሩ አይጎድልም፤ ቃሬዛው ሁልጊዜ ታጥቦ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ከሰፈሩ አንድ ሰው ካረፈ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። የሌላ ሰፈር ሰዎች በዚህ ይቀኑ ነበር። «እንደነሱ የሚቀብር ካለስ መሞትም አይከፋ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በዚህ ዕድር ውስጥ እማማ ስንቅነሽ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ባልም ልጅም የላቸውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር ትልቁን ድስት ጥደው ለለቀስተኛው ንፍሮ የሚቀቅሉት እሳቸው ነበሩ። የእሳቸውን ንፍሮ ያልቀመሰ ቤት ካለ፣ ሞት ያልገባበት ቤት ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ግን እግራቸው ከዳቸው፤ ልባቸውም ደከመ። መጥቶ ያያቸው ሐኪም ጎረቤታቸውን የሺወርቅን ወደ ውጭ ጠራትና «የሚወዱት ነገር ካለ ሳትዘገዩ አድርጉላቸው» አላት። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት።

የሺወርቅ ወደ ውስጥ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ምን ላድርግልዎ? ምን አማረዎ?»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡ። «አበባ ማየት» አሉ።

ከወንዙ ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ክረምቱ እንደወጣ በየዓመቱ ታላቅ የአበባ ትርዒት ይደረጋል። ሰባት ቀን ይቆያል። አትክልተኞች ዓመቱን ሙሉ ሲንከባከቡት የከረሙትን ከየአገሩ ይዘው ይመጣሉ፤ ሰዉም ልጆቹን አስከትሎ ይጎርፋል። ከሰፈሩ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እማማ ስንቅነሽ ግን አንድም ጊዜ ገብተው አያውቁም።

«በበሩ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ» አሉ። «ድስት ተሸክሜ ማዶ ወዳለ ለቅሶ ቤት ስሄድ ነው። ሽታው ይመጣል። ትንሽ ገባ ብዬ ልይ እላለሁ፤ ደግሞ ለቀስተኛው ይጠብቀኛል። እንዲያ ያለ አበባ እኔ ያየሁት ሬሳ ሳጥን ላይ ነው። አንድ ቀን እንኳ በግንዱ ላይ እንዳለ ልየው።»

ወንዙን የሚያሻግረው የእግር ድልድይ ስለሆነ መኪና አያልፍበትም። እማማ ስንቅነሽ የግድ ሰው ሊሸከማቸው ነው። ለመሸከም ደግሞ ከዕድር የተሻለ ማን አለ? ትርዒቱ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሺወርቅ በወሩ ስብሰባ ላይ ተነስታ ጉዳዩን ተናገረች።

ጸሐፊው መተዳደሪያ ደንቡን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «እዚህ ላይ የሚለው ‹አባል ሲሞት› ነው» አለ። «አባል አበባ ሲያምረው የሚል አንቀጽ የለንም።»

ሰዉ ሳቀ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ይመኑ ግን አልሳቁም። ቀጥ ያሉ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«የሺወርቅ ያነሳችው ነገር ተገቢ ነው» አሉ። «እማማ ስንቅነሽ የሁላችንንም ለቅሶ ተሸክመዋል። እኛም እንሸከማቸዋለን። ነገር ግን እሳቸውን እንደ ዘበት አናወጣቸውም፤ በወጉ ነው የምናወጣቸው።»

ሁሉም አጨበጨበ። አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ እዚያው ተመረጠ፤ ዳኛውም ሰብሳቢ ሆኑ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑማ ይህን ታሪክ መናገር ቀላል ነበር። ክፉዎች አልነበሩም። ሁሉም እማማ ስንቅነሽን ይወዷቸው ነበር።

ኮሚቴው ሥራውን የጀመረው በቃሬዛው ነው። አንዱ አባል «የዕድሩ ቃሬዛ አለ፤ በእሱ እንውሰዳቸው» ሲል ሌሎቹ ደነገጡ። ቁም ሰው በሬሳ ቃሬዛ ላይ ማስተኛት ሟርት ነው አሉ። ስለዚህ አዲስ ቃሬዛ ለአናጢ ታዘዘ። አናጢው እንጨቱ ትንሽ ይድረቅ አለ። ቀጥሎ የተሸካሚዎች ስም ዝርዝር ተጻፈ፤ ቁመታቸው ያልተመጣጠነ ሆኖ ስለተገኘ እንደገና ተጻፈ። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ፣ ውኃ የሚይዘው ማን፣ ጥላ የሚዘረጋው ማን እንደሆነ ተወሰነ። ጥላዎቹ አንድ ዓይነት ቀለም ይኑራቸው የሚል ሐሳብም ቀረበ። ይህ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ተይዞለታል። ሁለቱ ሳምንት በዚህ አለፈ።

ትርዒቱ ቅዳሜ ተከፈተ። እማማ ስንቅነሽ በጠዋት ገላቸውን ታጥበው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው በራፍ ላይ በወንበር ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን ሰው ይበዛል ተብሎ ቀረ። እሑድ የአዲሱ ቃሬዛ ቀለም አልደረቀም። ሰኞ ከኮሚቴው የአንዱ ልጅ መልስ ነበረ። ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ተሸካሚዎቹ ይደክማሉ ተባለ። እሳቸው ግን በየቀኑ ይታጠባሉ፣ ይለብሳሉ፣ በራፍ ላይ ይቀመጣሉ።

«ዛሬ ነው?» ይላሉ።

«ነገ ነው እማማ» ትላለች የሺወርቅ አንገቷን ደፍታ።

«ይሁን። ሰው ሥራ አለበት።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳኛው ራሳቸው መጡ። ጥላዎቹ ነገ ጠዋት እንደሚደርሱና ጉዞው በመዝጊያው ቀን ዓርብ እንደሚሆን ሊነግሯቸው ነው። እማማ ስንቅነሽ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር፤ ትንፋሻቸውም ይቆራረጣል።

«ይመኑ ልጄ፣ ዛሬ ብሄድስ?» አሉ። «ሁለት ጎረምሶች በዚሁ በተቀመጥኩበት ወንበር ብድግ ቢያደርጉኝ ይበቃኛል።»

«እማማ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እርስዎን በወንበር አንጠልጥለን ብንሄድ አገር ምን ይለናል? ክብርዎ ነው እኮ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋቸው። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ክብሩን ኋላ ታደርሱልኛላችሁ» አሉ። «እሱ አይቀርብኝም።»

ዳኛው ይህን እንደ ምርቃት ቆጥረው እጅ ነስተው ወጡ። በዚያን ሰዓት ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር፤ ሜዳውም አልተዘጋም። የሺወርቅ ዙሪያዋን ሁለት ጎረምሳ ፈለገች፤ ያገኘቻቸው ግን «ኮሚቴ ተይዞበታል፣ ከኮሚቴው ቀድመን ብንሄድ ነውር ነው» አሏት።

ዓርብ ማለዳ የሺወርቅ ልብስ ልታለብሳቸው ስትገባ እማማ ስንቅነሽ አርፈው አገኘቻቸው።

ጡሩንባው ተነፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው፣ በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር የሚሆነው ነው። ሸማኔው ሸማውን፣ ነጋዴዋ ጉልቷን፣ መምህሩ ክፍሉን ትቶ መጣ። ድንኳኑ ቆመ። ቃሬዛው ከግድግዳ ወረደ። ከሥራ ቀርቻለሁ ብሎ ያጉረመረመ አንድ ሰው አልነበረም። ዓርብ ጾም ነው፣ ተሸካሚ ይደክማል ያለም አልነበረም። ሰማዩ ከብዶ ካፊያ ጀመረ፤ ሰዉ እየረጠበ ቆመ። የተሸካሚዎቹን ዝርዝር ማንም አላነበበም፤ ትከሻ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ስምንት ትከሻ ከሥር ገባ፣ አጭሩም ረጅሙም። ድስቱን የጣዱት ግን ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ ጨው መጨመሩን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው። ሰልፉ ድልድዩን ተሻግሮ በአበባው ሜዳ አጥር ሥር ማለፍ ነበረበት። በሩ ጋ ሲደርስ ዳኛው እጃቸውን አነሱ፤ ሳጥኑ ከነቃሬዛው መሬት ላይ አረፈ። ለምን እንዳሳረፉት ማንም አልጠየቀም። ከአጥሩ ወዲያ ቀይ ነበር፣ ቢጫ ነበር፣ ስሙን የማያውቁት ሌላም ሌላም ቀለም ነበር። ሦስት መቶ ሰው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ።

የሺወርቅ ወደ ዳኛው ተጠጋች።

«ጋሼ ይመኑ፣ ከቤታቸው እዚህ ለመድረስ ስንት ሰዓት ፈጀብን?»

«ግማሽ ሰዓት» አሉ ዳኛው።

«እሳቸው በቁማቸው ከጠሩን ጀምሮስ?»

ዳኛው ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። እኚያ ቀጥ ያሉ ሰው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሰዉ ሁሉ አየ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያ ልቅሶ ትናንት እግር ሆኖ ቢገኝ ኖሮ አሮጊቷን አድርሶ ይመልሳቸው ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ ዕድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው ከወንበራቸው ተነስተው ከተራው አባል ፊት ለፊት ቆሙ።

«በደንባችን ከቀብር የቀረ ይቀጣል» አሉ። «እኔ ከእማማ ስንቅነሽ ቀብር አልቀረሁም። ከእማማ ስንቅነሽ ግን ቀርቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ለምነውኝ፣ በወንበር አይሆንም ብዬ ትቻቸው ሄድኩ። እንደ ደንቡ ቅጡኝ።»

ጸሐፊው ደንቡን አልገለጠም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እንግዲያው ሁላችንም እንቀጣ» አሉ። ቅጣቱም አንድ አንቀጽ ሆኖ ተጻፈ፤ በዚያ ዕድር ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ አጭሩ ነው፦ «አባል ሳይሞትም ዕድር ይጠራል።»

በቀጣዩ ዓመት ትርዒቱ በተከፈተ ዕለት ጠዋት ጡሩንባው ተነፋ። ሰዉ እንደ ልማዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ፊቱን አክብዶ ከየቤቱ ወጣ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተ» አለ ጡሩንባ ነፊው። «አባ ወርዶፋ እግራቸው ደክሟል። አበባ ማየት ይፈልጋሉ።»

አንዳንዱ ተቆጣ፤ ለዚህ ነው እንዴ ከሥራዬ ያስወጣችሁኝ ብሎ ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር የተመለሰው ከቆየው ይበልጥ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ነጠላውን ቀና አድርጎ ለበሰና ሽማግሌው የተቀመጡበትን ወንበር ለማንሳት ጎንበስ አለ። ሰባት ሰው ሆኑ። ለአንድ ሽማግሌ ሰባት ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ለሞተ ሰው ቀን አንመርጥም። ዝናቡን፣ ጾሙን፣ ሥራውን ሁሉ እንረሳለን፤ እውነት ለመናገር ይህ ከምንኮራባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ለቁም ሰው ግን ቀኑ ሁልጊዜ ይጎድለናል። ሲመቸን፣ ስንዘጋጅ፣ በወጉ ሲሆን እንላለን። ወጉ የሚያምረው ለእኛ ነው፤ የሚጠብቀን ሰው በራፍ ላይ ተቀምጦ የሚፈልገው መምጣታችንን ብቻ ነው። ፍቅራችን እንደማያንስ የምናውቀው በቀብር ቀን ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ የሚያየው ባለቤቱ የለም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ሞተ ቢባል ሥራችሁን ጥላችሁ የምትሮጡለት ሰው ማን ነው? ስሙ መጣላችሁ? እንግዲያው አልሞተም። ሂዱ።