ወጌሻው ሀጂ ጡሃና የልብስ ሰፊው እጅ

ስሟን መጥራት የማያስፈልገን፣ መስጂዷ ከገበያዋ የሚሰፋ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ አጥንቱ የተሰበረ፣ ወለምታ የያዘው ሁሉ የሚሄደው ወደ ሀጂ ጡሃ ነው። ሀጂ ጡሃ አርባ ዓመት በወጌሻነት ኖረዋል። ቢስሚላህ ሳይሉ የሰው ገላ ነክተው አያውቁም፤ ለድካማቸውም አጅሩን ከአላህ እንጂ ከሰው አይጠብቁም። ቆዳ የቀደደ ስብራት ሲመጣባቸው ግን "ይኼ የሐኪም ነው" ብለው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። አንድ ነገር ነበረባቸው፤ ቁጣ። ሲቆጡ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ "ቁጣ ከሸይጧን ነው" ብለው ይነሡና ለሶላት እንደሚታጠቡት ውዱእ ያደርጋሉ፤ ቁጣው በውሃው ይበርድላቸዋል።

የእህታቸው ልጅ አወል ስድስት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጦ ሙያውን ተማረ። ከዚያ በገበያው ዳር የራሱን ቤት ከፍቶ "የሀጂ ጡሃ እጅ እኔ ዘንድ ነው" እያለ ማከም ጀመረ። ሀጂም ደስ አላቸው፤ መረቁት።

አንድ ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ ይመር መጣ። ይመር በመስጂዱ በር ላይ ልብስ እየሰፋ እናቱንና ሁለት እህቶቹን የሚያኖር ሰው ነው። ቆርቆሮ ሊመታ ወጥቶ ከጣራ ወድቆ ነበር። ግራ ክንዱ በሽመል ስንጥር ተደግፎ በጨርቅ ተጠፍሯል።

"ሀጂ፣ ጣቶቼ አልሰማ አሉኝ" አለ።

ሀጂ ጡሃ ጣቶቹን አዩ። አብጠዋል፤ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል።

"መቼ ነው የታሰረው?"

"አምስት ቀኑ። አወል ነው ያሰረልኝ።"

"አላመመህም?"

"አመመኝ እንጂ! በሁለተኛው ቀን ሄጄ ፍታልኝ ብዬ ለመንኩት። 'መጠገኛው ሕመሙ ነው፤ ሰብር አድርግ፣ ታገሥ' አለኝ። ሐኪም ቤት ልሂድ ብለው፣ 'ሐኪም መቁረጥ እንጂ መጠገን አያውቅም። ተወኩልህ የት ሄደ? በአላህ አትመካም?' አለኝ። አፈርኩና ተመለስኩ። ትናንት ሕመሙ ሲተወኝ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ነበር።"

ሀጂ ጡሃ ሕመሙ የተወው ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ምላጭ አንሥተው ጨርቁን ከላይ እስከ ታች ቀደዱት። ከሥሩ የወጣው ሽታ ፊታቸውን አዞረው። ጫማቸውን እንኳ በደንብ ሳያጠልቁ፣ ይመርን ደግፈው ወደ ሆስፒታል ሮጡ።

የተቀበለቻቸው ዶክተር ሰብለ የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። ክንዱን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ማነው ይህን ያሰረው? እርስዎ ነዎት? ጤነኛ እጅ በጨርቅ አንቃችሁ ገደላችሁት እኮ! ስንት ሰው ልታመጡልኝ ነው እንዲህ አድርጋችሁ?"

ይመር "እርሳቸው አይደሉም" ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሀጂ ጡሃ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

"ያሰረው የእኔ ትምህርት ነው" አሉ። "ተቆጪ ልጄ፣ ሐቅሽ ነው። ብቻ እሱን አትርፊልኝ።"

ይመር ተረፈ። እጁ ግን አልተረፈም፤ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

ሐሙስ ዕለት የከተማው አስታራቂ ሸህ ዳውድ ሁለት ሽማግሎችን አስከትለው፣ አወልን ከኋላ አድርገው ወደ ሀጂ ጡሃ ቤት መጡ።

"የአላህ ቀደር ነው፤ የተጻፈው ሆነ" አሉ ሸህ ዳውድ። "አወል ልጅዎ ነው። ይመርም አውፍ ብሏል፤ ይቅር ብሎታል።"

"ማን አውፍ አስባለው?"

"እኛ ነና። ትናንት ሆስፒታል ሄደን..."

"እጁ በተቆረጠ ማግስት? አልጋው ላይ? ሦስት ሆናችሁ ከበባችሁት?"

የሀጂ ጡሃ ጢም ተንቀጠቀጠ። ተነሥተው ወጡ፤ ውዱእ አድርገው፣ ውሃው ከክንዳቸው እየተንጠባጠበ ተመለሱ።

"ውዱእ አደረግኩ፤ ቁጣዬ አልበረደም" አሉ። "እንግዲህ ይህ ቁጣ ከሸይጧን አይደለም። አወል! ባለፈው ክረምት ወባ ሲጥልህ ምን ወሰድክ?"

አወል አንገቱን ደፋ። "ኪኒን።"

"ከማን?"

"ከሐኪም ቤት።"

"ያን ቀን ተወኩልህ የት ሄዶ ነበር? ለራስህ ሐኪም፣ ለይመር ሰብር?"

ሸህ ዳውድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሀጂ፣ ነገሩ አደባባይ ከወጣ የእርስዎም ስም ይጎድፋል።"

"ይጉደፋ! የሰው እጅ ተቀብሯል፤ የእኔ ስም ምን ስለሆነ ነው የሚታዘንለት?"

በማግስቱ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ኢማሙን አስፈቅደው በሕዝቡ ፊት ቆሙ። የሆነውን ሁሉ፣ የአወልንም ስም ሳይደብቁ ተናገሩ። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦

"ወደ ሐኪም የምልከውን ሰው አወል ያይ ነበር። ለምን እንደምልክ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ሲጠይቀኝም 'ዝም ብለህ እጄን እይ' እለው ነበር። ሰዎች ሆይ፣ ማሰር አስተማርኩት፤ መፍታት አላስተማርኩትም።"

ይህን ብለው ወረዱ። እህታቸው ዓመት ሙሉ አላነጋገረቻቸውም። አወልም ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ኮርቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሀጂ ጡሃ ግን ለዚያ ከተማ ኢማም "ይህ ሰው ተምሮ እስኪፈተን ድረስ የሰው አጥንት እንዳይነካ" የሚል ደብዳቤ ላኩበት።

ከዶክተር ሰብለ ጋር ከዚያ በኋላ ሥራቸው አንድ ሆነ። ራጅ ያልተነሣ ስብራት አይነኩም። እርሷም ጄሶ የወለቀለትን፣ መገጣጠሚያው አልታጠፍ ያለውን ሰው ወደ እርሳቸው ትልካለች፤ በጥቁር አዝሙድ ዘይት እያሹ ያፍታቱታል። የሕመም ማስታገሻውን እርሷ ታዛለች፣ ማሸቱንና ዱዓውን እርሳቸው ያደርጋሉ። የይመርንም ጉማጅ ክንድ በየሳምንቱ ያሹለት ነበር። ይመር ጨርቁን በክንዱ ተጭኖ መስፋት ለመደ፤ እንደ ድሮው ግን አይፈጥንም። ከልቡ አውፍ ይበል አይበል፣ ሀጂ ጡሃ አንድም ቀን አልጠየቁትም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! የሀጂ ጡሃን ቃል እንያዘው። ማሰር ቀላል ነው። ማር ብላ፣ ዋግምት ታገም፣ ውሃ ላይ ቁርኣን አስቀርተህ ጠጣ ማለት ቀላል ነው፤ ብዙውም ኸይር አለበት። መፍታት ግን "የእኔ እጅ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በኋላ ያለው የሐኪሙ ነው" ማለት ነው። ይህን ለማለት ዕውቀት ብቻ አይበቃም፤ አላህን መፍራት ይፈልጋል። መታከምን ያዘዙን ነቢያችን ሰለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም ሆነው ሳለ፣ ዛሬም በየመንደሩ በዲን ስም "ኪኒንህን ጣል" የሚል አይታጣም። ሕመምተኛው ሲሞት ቀደር ነው ይላል፤ ሲድን የእኔ እጅ ነው ይላል።

በሰው ሕመም ላይ ቆሞ ሰብርን የሚሰብክ ሰው፣ ሰብሩን በገዛ ክንዱ ይጀምር።