የፊታውራሪ ጠናጋሻው ቃልና የአያ እንግዳሸት በቅሎ

የእነማይ ሰው ቃሉን የሚበላ ጌታ ባየ ቁጥር አያ እንግዳሸትን ያነሳል። ከአባቶቻችን እንደሰማነው፣ አያ እንግዳሸት ከምላሱና ከአንዲት በቅሎ በቀር ሀብት የሌለው፣ ከነሚስቱ በአማቱ ጓሮ ተጠግቶ የሚኖር ቀልደኛ ነበር። «ተነስ የማልባልበት ደጃፍ አግኝቼ ልሙት» እያለ ሲመኝ፣ ፊታውራሪ ጠናጋሻው ጣሪያው የወደቀ ቤት ከነግቢው ሊሸጡለት ተስማሙ። ዋጋው ያችው በቅሎ ነበረች።

በቅሎዋን ከማስረከቡ በፊት የውል ጽሑፍ ቢጠይቅ ፊታውራሪው የጠጅ ብርሌያቸውን እንደያዙ ተቆጡ።

«የኔ ቃል ከብራና ያንሳል?»

«አያንስም ጌታዬ፤ ብራና ግን ጠጅ አይጠጣም።»

ፊታውራሪው ግን በአንድ ሽማግሌ ፊት በሚካኤል ማሉ። እሱም መሐላ አክብሮ በቅሎዋን ሰጠ። ከሞኝነቱ የሚወራው ይህ ብቻ ነው።

በጋውን ሙሉ እሾህ መነጠረ፣ ጣሪያ ከደነ፣ ጌሾ ተከለ። ቤቱ ቤት ሲመስል ፊታውራሪውን አማራቸው።

«መቼ ሸጥኩልህ? በጠጅ መሀል የተባለ ነገር ውል ይሆናል?»

«በቅሎዬን የወሰዳትስ ጠጁ ነው?»

ነገሩ ዳኛ ፊት ደረሰ። ሲማል አጠገብ የነበሩት ሽማግሌ፣ የፊታውራሪው ጭሰኛ ናቸውና፣ «ጆሮዬን ያመኛል፣ ምንም አልሰማሁ» አሉ። አያ እንግዳሸት ሽማግሌውን በንቀት አየና ወደ ዳኛው ዞረ።

«ጌታዬ፣ ቀስ ብለው ‹ብርሌ አምጡ› ይበሉ፤ ሽማግሌው ወዲያው ይድናሉ።»

ሰው ሲስቅ ፊታውራሪው በገኑ። በዚያ ዘመን ሙግት የጋለበት ሰው ባላጋራውን «የተረታ በቅሎ ይክፈል» በሚል ውርርድ ያስፈራራ ነበርና፣ ጋቢያቸውን ወርውረው «ሐሰት ነው! በቅሎ አግባ!» አሉ።

«የማገባትን በቅሎ እርስዎ ተቀምጠዋት መጡ፤ ያችውና ደጅ ታስራለች።»

ሸንጎው ሁሉ አንገቱን ወደ ደጅ መለሰ። ዳኛው ብቻ አልዞሩም፤ የፊታውራሪውን ጮማ የለመዱ ሰው ነበሩ።

«ርስት በቃል አይሸጥም» ብለው ፈረዱ። «በጽሑፍ ያልሆነ ነገር እንዳልነበረ ነው። ቤቱን ልቀቅ!»

አያ እንግዳሸት የከደነው ጣሪያ ትዝ አለው። እጅ ሳይነሳ እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ? ፈረድኩ እኮ!» አሉ ዳኛው።

«በቃል ነዋ ጌታዬ! እስኪጽፉት ቤቴ ነኝ።»