ኦክስጅን ያረፈደች ቀን

ስሙኝማ፤ የምነግራችሁ ሁሉ በባዮሎጂ የተረጋገጠ ነው። ያልተረጋገጠው ደግሞ በምክትል ርዕሰ መምህራችን ተፈርሞበታል።

በእኛ በአሥረኛ ‹ለ› ክፍል አንዲት ጡንቻ ነበረች። ስሟ አንጓች ነው። ከክፍሉ ትንሿ እሷ ናት፤ ጡንቻነቱ በዕጣ ነው የደረሳት። የምትፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ውሃ የተሞላ ጀሪካን አንስታ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ።

ያን ቀን ምክትሉ አቶ አንለይ ከኋላ ተቀምጠዋል። መምህርት ፈንታነሽን «ሴል እንዴት እንደሚተነፍስ በጨዋታ አስተምራለሁ ብለሻል» አሏቸው። «ጀሪካኑ ከተነሳ፣ ጥሩ። ካልተነሳ ግን ከነገ ጀምሮ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ!»

«በይ አንጓች፣ አንሺ» አሉ መምህርት።

«ሽምብራ የለኝማ!»

በእኛ ክፍል ኤቲፒ፣ ማለትም የሴሉ ጉልበት፣ የተቆላ ሽምብራ ነው። ሽምብራ ያልቀመሰ ጡንቻ አያነሳም። ሕግ ነው።

ሽምብራው አልሰፈር ብሎ፣ ጡንቻዋ አላነሳ ብላ፣ ጀሪካኑ ቁጭ አለ።

መምህርት ወደ ሚቶኮንድሪያው ሄዱ። ሚቶኮንድሪያችን አራት ዴስክ ገጥመን የሠራነው ነው፤ በወረዳው ውስጥ የሚስተካከለው ያለ አይመስለንም። እዚያ ውስጥ ልጆች ተሰልፈው የካልሲ ኳስ ይቀባበላሉ። ኳሱ ኤሌክትሮን ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር ሽምብራ ይሰፈራል።

«ምነው ቆማችሁ?»

«እጃችን ሙሉ ነው ቲቸር! መጨረሻ ላይ ኳሱን የምትቀበለን ኦክስጅን ነበረች። የለችም!»

ኦክስጅን አልመጣ ብላ፣ ኳሱ አላልፍ ብሎ፣ ሽምብራው አልሰፈር ብሎ፣ ጡንቻዋ አላነሳ ብላ፣ ጀሪካኑ ቁጭ አለ።

ኦክስጅን የሺመቤት ናት። ኦክስጅን የምትሆንበትን ሰማያዊ ሻሽ ረስታ፣ ልታመጣ ቤቷ ደርሳ ስትመለስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘጋባት። ድምጿ በመስኮት ይሰማናል።

«ጋሽ ተመቸ፣ ይክፈቱልኝ! ሴሉ ሊታፈን ነው!»

«ስምሽ ማነው?» አሉ ዘበኛው።

«ኦክስጅን!»

ጋሽ ተመቸ መዝገባቸውን ገለጡ። «በዚህ ስም የተመዘገበ ተማሪ የለም። ቢኖርም አርፍዷል። ምክትሉ የፈረሙበት ወረቀት አምጪ።»

ዘበኛው አልከፍት ብለው፣ ኦክስጅን መግባት አቅቷት፣ ኳሱ አላልፍ ብሎ፣ ሽምብራው አልሰፈር ብሎ፣ ጡንቻዋ አላነሳ ብላ፣ ጀሪካኑ ቁጭ አለ።

ሁላችንም ዞረን አቶ አንለይን አየናቸው። ያረፈደ ያለ ፊርማ አይግባ የሚለውን ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ እንኮራበታለን።

«እኔ አሁን ግምገማ ላይ ነኝ» አሉ። «ጀሪካኑ ሳይነሳ እስክሪብቶ አላነሳም። አሠራር አሠራር ነው።»

እንግዲህ ጀሪካኑ ሳይነሳ ምክትሉ አልፈርም ብለው፣ ምክትሉ ሳይፈርሙ ዘበኛው አልከፍት ብለው፣ ኦክስጅን መግባት አቅቷት፣ ኳሱ አላልፍ ብሎ፣ ሽምብራው አልሰፈር ብሎ፣ ጡንቻዋ አላነሳ ብላ፣ ጀሪካኑ አሁንም ቁጭ አለ።

መምህርት ፈንታነሽ ጠመኔያቸውን አዩት። ጠመኔውም ያያቸው ይመስል ነበር።

ይህን ጊዜ ይበልጣል እጁን አወጣ። ይበልጣል ስኳር ነው፤ ደረቱ ላይ «ስኳር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከዴስኮቹ ውጭ ተራውን ሲጠብቅ ሰዓቱ ሄዷል።

«ቲቸር፣ ስኳር ሚቶኮንድሪያ ሳይገባ፣ እዚሁ ደጅ ላይ ለሁለት ሲሰበር ኦክስጅን አያስፈልገውም ብለውን አልነበር?»

«ስንት ሽምብራ ትሰጣለህ?» አለች አንጓች።

«ሁለት።»

«ሁለት? ስስታም!»

«እኔ ምን ላድርግ? ባዮሎጂው ነው!»

ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው፤ ሁለት ሽምብራ ሰጣት። አንጓች ቆረጠመች። በሁለት ሽምብራ ጀሪካን አይነሳም። እስክሪብቶ ግን ይነሳል። ከምክትሉ ደረት ኪስ ላይ መዘዘችና ከወረቀት ጋር አቀረበችላቸው።

«ጋሼ፣ እስክሪብቶ አላነሳም ነበር ያሉት። እኔ አንስቼዋለሁ። የእርስዎ መፈረም ብቻ ነው።»

አቶ አንለይ ደንቡን በልባቸው ከዳር እስከ ዳር አገላበጡት። ፈርም አትፈርም የሚል አላገኙም። ፈረሙ፤ ስም ከነማዕረግ፣ ቀን ከነዓመተ ምሕረት።

ምክትሉ ቢፈርሙ ወረቀቱ በመስኮት ወረደ፤ ወረቀቱ ቢወርድ ዘበኛው ከፈቱ፤ ዘበኛው ቢከፍቱ ኦክስጅን እየሮጠች ገባች፤ ኦክስጅን ብትገባ ኳሱን ተቀበለች፤ ሃይድሮጅን ከሆኑት ሁለት ልጆች ጋር ተቃቅፋም ውሃ ሆነች፤ ኳሱ ቢያልፍ ሽምብራው ተሰፈረ፣ ሠላሳ ፍሬ! ሽምብራው ቢሰፈር አንጓች አፏን ሞልታ ቆረጠመች፤ ከቦኖ በየቀኑ ሃያ ሊትር የምታመላልስ ልጅ ናትና ጀሪካኑን ብድግ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ቂብ!

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ አንለይ ከሁላችን በላይ አጨበጨቡ፤ ያለ እሳቸው ፊርማ ሴሉ እንደማይተነፍስ በዓይናቸው አይተዋላ። «ጨዋታው ይቀጥል!» ብለው ወሰኑ። መምህርትም ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱት።

«በይ እንግዲህ፣ አውርጂው» አሏት ምክትሉ።

አንጓች እጇን አራገፈች። «ሽምብራ አልቋል፣ ጋሼ።»

ጀሪካኑ እስከ ዛሬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናሳየዋለን።