የተበጠሰው የአንቀልባ ጠፍር

ተረት ተረት ስላችሁ «የእጅ በረከት!» በሉኝ። አልሰማሁም። ተረት ተረት! እንዲህ ነው እንጂ።

ከገበያው በታች፣ ከወንዙ ወዲህ አንድ ቤት ነበረ። እዚያ ቤት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው የለም። አባት ቆዳ ይሰፋል፤ አክስት ስፌት ትሰፋለች፤ አያት እንጨት ይጠርባሉ። የሠሩትን ያየ ሰው ዐይኑን መንቀል ያቅተዋል፤ እኔ ራሴ ደጃቸው ላይ ተገትሬ ስንቴ መንገዴን ረስቻለሁ። ታዲያ አንድ አመል አለባቸው፦ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሞት ቢመጣ መሣሪያ ከእጃቸው አይለቁም።

የቤቱ ትንሿ ሴት ልጅ ትርንጎ ትባላለች። አንድ ጠዋት አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች፤ የሕፃን ወንድሟ አንቀልባ ጠፍሩ ተበጥሶ ነበርና እንዲሰፋላት። የእናቷ እናት እማማ ደብሪቱ ከተራራው ማዶ ታመው ተኝተዋል። «ሳልሞት ያን ልጅ አሳዩኝ» ብለው ልከዋል። እናቷ ስንቅ እየቋጠረች፣ «ጠፍሩ ካልተሰፋ ያን አቀበት ሕፃን ይዤ አልወጣውም፤ እንቀራለን» አለች። ትርንጎ አያቷን በጣም ትወዳቸው ነበር።

ወደ አባቷ ሮጠች። «አባዬ፣ ጠፍሩ ይሰፋ፣ ወንድሜ ይታዘል፣ እማማ ደብሪቱ ይዩት!»

«ቆዳ በምን ልብሳ? ወስፌዬን አክስትሽ ወስዳዋለች» አላት።

አክስቷ ይርገዱ የአገልግል ክዳን እየሰፋች ነው። «አክስቴ፣ ወስፌው ይለቀቅ፣ ጠፍሩ ይሰፋ፣ ወንድሜ ይታዘል፣ እማማ ደብሪቱ ይዩት!»

«ኧረ ምን ሲደረግ! ዙሩ ሳይዘጋ ወስፌ ከስፌት ወጥቶ ያውቃል? ይጣመምብኛል። ቀይ አለላ አልቆብኝ ነው የቆምኩት፤ እህትሽን አምጪ በያት።»

እህቷ ስንቅነሽ አለላውን ቀለም ውስጥ ነክራ ድስቱ ላይ አፍጥጣለች። «እህቴ፣ አለላው ይቅላ፣ ዙሩ ይዘጋ፣ ወስፌው ይለቀቅ፣ ጠፍሩ ይሰፋ፣ ወንድሜ ይታዘል፣ እማማ ደብሪቱ ይዩት!»

«ድስቱ ሳይፈላ ምኑ ይቀላል? እሳቱ እንጨት ይላል፤ ሞላልኝ ደግሞ አልፈለጠም።»

ትልቁ ወንድሟ ሞላልኝ ግንዱ ላይ ተቀምጧል። «ወንድም ጋሼ፣ እንጨቱ ይፈለጥ፣ እሳቱ ይንደድ፣ አለላው ይቅላ፣ ዙሩ ይዘጋ፣ ወስፌው ይለቀቅ፣ ጠፍሩ ይሰፋ፣ ወንድሜ ይታዘል፣ እማማ ደብሪቱ ይዩት!»

«በጥርሴ ልፍለጠው? የመጥረቢያው ዛቢያ ተሰብሯል። አባባ አዲስ ይዘዋል።»

አያቷ አባባ እንዳላማው ዛቢያውን በግማሽ ጠርበው ዐይናቸውን ያሻሉ። «አባባ፣ ዛቢያው ይጠረብ፣ እንጨቱ ይፈለጥ፣ እሳቱ ይንደድ፣ አለላው ይቅላ፣ ዙሩ ይዘጋ፣ ወስፌው ይለቀቅ፣ ጠፍሩ ይሰፋ፣ ወንድሜ ይታዘል፣ እማማ ደብሪቱ ይዩት!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ። ይህን መነጽር በክር አስሬ ነበር የማደርገው፤ ክሩ ተበጠሰ። ሳላይ ብጠርብ የሚጠረበው ጣቴ ነው። እህቴን ክር ለምኝልኝ።»

የአባባ እህት እማሆይ ላቀች እንዝርት ይዘው ተቀምጠዋል። የእሳቸውን ክር ያላየ ቅጥነት ምን እንደሆነ አያውቅም። «እማሆይ፣ ክሩ ይፈተል፣ መነጽሩ ይታሰር፣ ዛቢያው ይጠረብ፣ እንጨቱ ይፈለጥ፣ እሳቱ ይንደድ፣ አለላው ይቅላ፣ ዙሩ ይዘጋ፣ ወስፌው ይለቀቅ፣ ጠፍሩ ይሰፋ፣ ወንድሜ ይታዘል፣ እማማ ደብሪቱ ይዩት!»

«የኔ ልጅ፣ ይህ ሕፃን በጮኸ ቁጥር እጄ እየደነገጠ ክሩ ይበጠስብኛል። መጀመሪያ ወንድምሽን ዝም አሰኚልኝ።»

ትርንጎ አጠገባቸው ተኝቶ በሚያለቅሰው ሕፃን ወንድሟ ላይ ጎንበስ አለች። «ወንድሜ፣ በናትህ ዝም በል፤ ክሩ ይፈተል፣ መነጽሩ ይታሰር፣ ዛቢያው ይጠረብ፣ እንጨቱ ይፈለጥ፣ እሳቱ ይንደድ፣ አለላው ይቅላ፣ ዙሩ ይዘጋ፣ ወስፌው ይለቀቅ፣ ጠፍሩ ይሰፋ፣ አንተም ታዘል፣ እማማ ደብሪቱ ይዩህ!»

እሱ ግን «እዋ! እዋ!» አለ። «አንቀልባዬን አምጡ» ማለቱ ነው። እንግዲህ ጉድ በሉ! አንቀልባ ካልመጣ ሕፃኑ ዝም አይልም፤ ሕፃኑ ዝም ካላለ አንቀልባ አይመጣም። ነገሩ እንደ መቀነት ዞሮ ተቋጠረ።

ትርንጎ መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። እማማ ደብሪቱ በር በሩን ሲያዩ ታያት። በዚያ ቤት የሁሉም እጅ አንድ ነገር ይዟል፤ ባዶው የእሷ ብቻ ነው። እንባዋን ስትጠርግ ጥግ ላይ የወደቀች፣ ሎሚ የምታክል ደረቅ ቅል አየች። አነሣቻት። ከእናቷ ስንቅ ትንሽ ሽምብራ ቆንጥራ ጨመረችባት፤ አፏን በጨርቅ ወተፈችና ነቀነቀቻት። ሽኩሽ ሽኩሽ!

ሕፃኑ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ደግማ ነቀነቀችለት፤ ሳቀ።

ሕፃኑ ሲስቅ እማሆይ ፈተሉ፤ ክሩ ሲፈተል መነጽሩ ታሰረ፤ መነጽሩ ሲታሰር ዛቢያው ተጠረበ፤ ዛቢያው ሲጠረብ እንጨቱ ተፈለጠ፤ እንጨቱ ሲፈለጥ እሳቱ ነደደ፤ እሳቱ ሲነድ አለላው ቀላ፤ አለላው ሲቀላ ዙሩ ተዘጋ፤ ዙሩ ሲዘጋ ወስፌው ተለቀቀ፤ ወስፌው ሲለቀቅ ጠፍሩ ተሰፋ፤ ጠፍሩ ሲሰፋ ወንድሟ ታዘለ! እናቷና ትርንጎ ስንቃቸውን ይዘው አቀበቱን ተያያዙት።

እማማ ደብሪቱ አልጋቸው ላይ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው መጀመሪያ ሕፃኑን፣ ቀጥሎ የጠፍሩን አዲስ ስፌት ዳሰሱ። «እንዴት ያለ እጅ ነው! የማን ነው?»

ትርንጎ ባንድ ትንፋሽ አወረደችው። «ጠፍሩ የአባዬ፣ ወስፌው ከአክስቴ፣ አለላው የእህቴ፣ እንጨቱ የወንድም ጋሼ፣ ዛቢያው የአባባ፣ ክሩ የእማሆይ፣ ዝም ያሰኘሁት እኔ!»

አሮጊቷ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እኔ እናቱ ብቻዋን ያዘለችው መስሎኝ! ለካ ቤቱ በሙሉ ነው አዝሎ ያመጣልኝ።» ከዚያ ክንዳቸውን ሰጡ። «በሉ ደግፋችሁ አስቀምጡኝ። ያላዘልኩት እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ አሳዝሉኝ።»

በግራና በቀኝ ደግፈው አሳዘሏቸው። ሕፃኑ ጉንጩን ጀርባቸው ላይ ጣል አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው።

ተረቴን ለልጅ አቀብሉ፤ የተበጠሰ ካላችሁ ቀጥሉ።