ትርንጎን በጥፊ የመታት ዘፋኝ

ጆሮ ያለው ይስማ፣ በረት ያለው በረቱን ይዝጋ፤ ተረት ልጀምር ነው።

ትርንጎ የምትባል የገበያ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ዘፋኙ ቢያድግልኝ፣ ያ አገር የሚያውቀው፣ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። «ወንድሜ፣ ወረፋ ጠብቅ» ብትለው በገበያ መሀል በጥፊ አጮላት። ገበያው ሁሉ አየ፤ አይቶም ሽንኩርት መምረጡን ቀጠለ።

ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ «በሰው ፊት መታኝ፣ በሰው ፊት ይቅር በይኝ ይበለኝ።»

ሃምሳ አለቃ ገድሉ ዘንድ ሄደች። «ዘፋኙን ይጥሩልኝ።»

«እንዴት አድርጌ! የልጄ ሠርግ ላይ ማን ሊዘፍንልኝ?»

የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሄደች። «ሃምሳ አለቃው ዘፋኙን አልጠራም አለ፤ ይዘዙልኝ።»

«አይ እቴ! ከሱ ጋር የተነሣሁት ፎቶ ቢሮዬ ተሰቅሏል፤ የት ላድርሰው?»

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደች። «ሊቀመንበሩ ሃምሳ አለቃውን አላዝም አለ፤ ሃምሳ አለቃው ዘፋኙን አልጠራም አለ፤ ሊቀመንበሩን ገሥጹልኝ።»

«ልጄ፣ ለእግዜር ስጪው» አሉ። የነሱንም ሥራ እግዜር ሊሠራላቸው!

የሽማግሌዎቹ ሚስቶች ዘንድ ሄደች። «ባሎቻችሁ ሊቀመንበሩን አንገሥጽም አሉ፤ ሊቀመንበሩ ሃምሳ አለቃውን አላዝም አለ፤ ሃምሳ አለቃው ዘፋኙን አልጠራም አለ፤ ባሎቻችሁን ተቆጡልኝ።»

«ውይ፣ እኔን ይምታኝ! ግን በየቤታችን ብንጮኽ ማን ይሰማናል? መሰብሰብ አለብን። የምንሰበሰበው ደግሞ የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ነው።»

ሰው ሲሞት ጥሩምባውን የሚነፉት አባ ዋሴ ዘንድ ሄደች። «ሚስቶቹ ጥሩምባ ሳይነፋ ባሎቻችንን አንቆጣም አሉ፤ ባሎቹ ሊቀመንበሩን አንገሥጽም አሉ፤ ሊቀመንበሩ ሃምሳ አለቃውን አላዝም አለ፤ ሃምሳ አለቃው ዘፋኙን አልጠራም አለ፤ አባባ፣ ይንፉልኝ።»

«ሰው ሳይሞት አይነፋም። ለመሆኑ ስትመቺ ስንት ሰው አየ?»

«ገበያው ሁሉ።»

«ማን ተናገረ?»

«ማንም።»

«ታዲያ የሞተ አለ እኮ!»

በማግሥቱ ጧት ገበያው መሀል ቆመው ነፉት። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እየጮኸ መጣ። ቢያድግልኝም መጣ፤ ዝነኛም ቢሆን ነገ ቀባሪ ይፈልጋላ! «ማን ሞተ? ማን ሞተ?»

«እናንተ!» አሉ አባ ዋሴ። «ትርንጎ እዚህ ስትመታ ሁላችሁም ቆማችሁ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ዝም ይላል?»

ይሄኔ ሚስቶቹ ባሎቻቸውን ተቆጡ፤ ባሎቹ ሊቀመንበሩን ገሠጹ፤ ሊቀመንበሩ ሃምሳ አለቃውን አዘዘ፤ ሃምሳ አለቃውም የልጁን ሠርግ በቴፕ ሊደግስ ቆርጦ ዘፋኙን ጠራ።

ቢያድግልኝ ሊስቅ ሞከረ፤ የሚስቅለት አጣ። አንገቱን ደፍቶ አጉረመረመ።

«አልተሰማኝም» አለች ትርንጎ።

«እህቴ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ!» አለ፤ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«ይቅር ለእግዜር» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ቀን ከተለቀሰው ሁሉ የምር ለቅሶ እሱ ብቻ ነበር።