ለብ ያለው ውሃና የስንዱ ኪኒን

ተጠጉማ፤ ይቺ ተረት ተራርቀው ሲሰሟት ታስፈራለች። እንጉዳይ የምትባል እናት ነበረች፤ ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረቻት። ስንዱ ሳንባዋን ታማለች። የሳንባዋ ኪኒን ጉበቷን ነካውና ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ሐኪሙም ኪኒኑን አስቆማት። ይኸው ሳሉ ደም ይዞ ተመለሰ። እንጉዳይ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኪኒኑ እንዲጀመርላት።

«ዶክተር፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ይስጧት!»

«እፈራለሁ፣ እናቴ» አለ ዶክተር ነቢዩ። «ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛ ኢንዛይም አለ። ሆስፒታላችን ካሉት ሁለት ላቦራቶሪዎች፣ ባለፈው ሳምንት የታችኛው ሲለካው ቁጥሩ ትንሽ ነበር። ዛሬ የላይኛው ሲለካው ትልቅ ሆነ። ብሶባታል። አሁን ብሰጣት ልገድላት እችላለሁ።»

እንጉዳይ ወደ ላይኛው ላቦራቶሪ ወጣች። «ቁጥር ሆይ፣ አንተ ከታችኛው ጋር ባትስማማ ሐኪሙ አልሰጥም አለ፤ ሐኪሙ ባይሰጥ ልጄ ልታልቅብኝ ነው!»

ቁጥሩ «እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ። «ኢንዛይሙን ጠይቂው። እዚህ ይሮጣል፣ እታች ይንቀራፈፋል።»

ወደ ታችኛው ወረደች። «ኢንዛይም ሆይ፣ አንተ ባትሮጥ ቁጥሩ አልስማማም አለ፤ ቁጥሩ ባይስማማ ሐኪሙ አልሰጥም አለ፤ ሐኪሙ ባይሰጥ ልጄ ልታልቅብኝ ነው!»

ኢንዛይሙ «በርዶኝ ነው» አለ። «ላይ በሰው ገላ ሙቀት ይለኩኛል፤ እዚህ ለብ ባለ ውሃ። ውሃውን ጠይቂው።»

«ውሃ ሆይ፣ አንተ ባትሞቅ ኢንዛይሙ አልሮጥም አለ፤ ኢንዛይሙ ባይሮጥ ቁጥሩ አልስማማም አለ፤ ቁጥሩ ባይስማማ ሐኪሙ አልሰጥም አለ፤ ሐኪሙ ባይሰጥ ልጄ ልታልቅብኝ ነው!»

ውሃው «ማሞቂያውን የሚያዞሩት ጋሼ ሸዋንግዛው ናቸው፤ እጃቸው እንቢ ብሎኛል» አለ።

ጋሼ ሸዋንግዛው የታችኛው ላቦራቶሪ ኃላፊ ናቸው። እንጉዳይ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ጋሼ፣ እጅዎ ባይዞር ውሃው አልሞቅም አለ፤ ውሃው ባይሞቅ ኢንዛይሙ አልሮጥም አለ፤ ኢንዛይሙ ባይሮጥ ቁጥሩ አልስማማም አለ፤ ቁጥሩ ባይስማማ ሐኪሙ አልሰጥም አለ፤ ሐኪሙ ባይሰጥ ልጄ ልታልቅብኝ ነው!»

ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ። «ዕድሜ ልኬን የለካሁት በዚህች ሙቀት ነው። ዛሬ ብቀይራት ያን ሁሉ በሽተኛ ምን ልለው ነው? እፈራለሁ፣ ልጄ።»

«ውይ! እርስዎም? ሁላችሁም ስትፈሩ ልጄ አለቀች እኮ!»

ያኔ በረንዳው ላይ እናቷን የምትጠብቀው ስንዱ ሳለች። ሳለች፣ ሳለች፣ ሳሉ አልቆም አለ። ጋሼ ወጥተው ሲያዩ ነጠላዋ ደም በደም ሆኗል። ክው አሉ። ሮጠው ተመለሱ።

እጃቸው ማሞቂያውን አዞረ። ውሃው እንደ ላይኛው ሞቀ። ካለፈው ሳምንት የተረፈው የስንዱ ደም ከማቀዝቀዣ ወጣ፤ ኢንዛይሙ ሮጠ፤ ያለፈው ሳምንት ቁጥር ሽቅብ ወጣ፣ የዛሬውን በለጠው! ለካስ በአንድ ሙቀት ሲለካ ጉበቷ እየዳነ ነበር። ሐኪሙ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየ፤ ኪኒኑን ሰጠ፤ ስንዱ ዋጠች።

እንጉዳይ «አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ» ብላ አየችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጋሼ ሸዋንግዛው ግን ማቀዝቀዣውን እንደከፈቱ ቆመው ቀሩ። በለብታው ውሃ የለኩትን ሌላ የደም ብልቃጥ አወጡ።

«ይሄስ የማን ልጅ ነው?» አሉ።