«ማን እንደኔ» እና እግር አጣቢው

ተረት ተረት ስላችሁ ድምፃችሁን አሰሙኝ እንጂ ልጆች! ጠሪ መልስ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ ትሰማላችሁ።

ድሮ ድሮ አንድ ቢትወደድ ነበር። የንጉሡ ቀኝ እጅ ነው። በሸንጎ በተነሣ ቁጥር «ሰው እንደ ከብት አይሸጥም!» እያለ እንባውን ያፈስ ነበር። አገሩ ሁሉ ይመርቀዋል። በቤቱ ግን፣ ጉድ በሉ፣ አርባ ባሪያ ነበረው!

ከአርባዎቹ አንዱ ዳልኬ ይባላል፤ የቢትወደዱ እግር አጣቢ ነው። ዳልኬ ብሎ የሚጠራው ግን አልነበረም። በዚያ ዘመን ጌታ ለባሪያው መጥሪያ ያወጣል፤ ባሪያው ደግሞ የመጥሪያውን መልስ ይመልሳል። ቢትወደዱ «ማን እንደኔ!» ብሎ ይጣራል። ዳልኬ «ከሰማይ በታች ማንም!» ይላል። ዝም ካለ ጅራፍ ነው።

አንድ ቀን ዳልኬ አመለጠ። የሦስት ዓመት ልጁ ባሎቴ ግን እዚያው ቀረች። ሰባት ዓመት በሰው አገር ቆየ፤ እንጀራው በጉሮሮው አልወርድ አለው። ተመልሶ «ልጄ በቢትወደዱ ቤት በባርነት ተይዛለች» ብሎ ለዳኛ ጮኸ።

«ቢትወደድ ባሪያ አላቸው? ባርነት ይቅር የሚለውን አዋጅ ያስነገሩት እሳቸው!» ብሎ ዳኛው ሳቀበት።

ለአፈ ንጉሡ ጮኸ። «ዝናብ ሽቅብ ዘነበ ብትለኝ ይሻልህ ነበር» ብሎ አፈ ንጉሡ አስወጣው።

በሦስተኛው ከንጉሡ ችሎት ደረሰ። ቢትወደዱ ተጠርቶ ቀረበ።

«ንጉሥ ይሙት! ይህን ሰው በዓይኔ አይቼው አላውቅም!»

«ምስክር አለህ?» አሉት ንጉሡ።

«የለኝም ጃንሆይ። የትልቅ ሰው ስም አጥፍቼ ከሆነ፣ እግራቸውን አጥቤ ይቅርታ ልለምን።»

ተፈቀደለት። ውሃ ሞቀ፣ ገበቴ ቀረበ። ቢትወደዱ ደስ ብሎት ተቀመጠ። ዳልኬ እንደ ድሮው ተረከዙን አሸት አሸት አደረገው። የቢትወደዱ ዓይን ተከደነ። ያን ጊዜ ዳልኬ እጁን አቆመ።

«ማን እንደኔ!» አለ ቢትወደዱ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ዳልኬ ዝም።

«ማን እንደኔ!»

ዳልኬ ዝም።

«ማን እንደኔ! ‹ከሰማይ በታች ማንም› አትልም፣ አንተ ባሪያ!»

ችሎቱ ክው አለ። ጸሐፊው ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። ኧረ የሰው ልጅ! ያ ሁሉ እንባ የውሸት ነበር?

ንጉሡ ቀስ ብለው፣ «ከሰማይ በታች ማንም? እኔስ የት ሄድኩ?» አሉ።

ቢትወደዱ ዓይኑን ገለጠ፤ ግን ምን ያደርጋል። ካባው ተገፈፈ፤ ርስቱ ለአርባዎቹ ተከፋፈለ።

የቤቱ በር ተከፍቶ ሰዎቹ ሲወጡ ዳልኬ ልጁን መለየት አቃተው። ልጆቹ ሁሉ ከስተዋል፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ባሎቴ!» አለ። ቀና ያለ የለም።

«ባሎቴ!» አለ። ማንም።

በሦስተኛው ድምፁ ተሰበረ። «ባሎቴ፣ ልጄ!»

ከኋላ አንዲት ልጅ ቀና አለች። «እኔን ነው?» አለች።

አያችሁ ልጆቼ? በሸንጎ ያማረ በቤቱ ካላማረ፣ አመል ያወጣል ከመሐል። እኔ ተረቴን አደረስሁ፤ ስማችሁን አደራ።